ድንጋይ የሌለበት ሜዳ

ከፎገራ ከተመለስኩ ወዲህ የማኅበራችን ሴቶች አላስቀምጥ ብለውኛል። አንዷ «ወተቱን ጠጣሽው?» ትላለች፤ ሌላዋ «ጣና ላይ ጉማሬ አየሽ?» ትላለች። ለየብቻ ሳወራ ጉሮሮዬ ስለደረቀ ይኸው ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። ወተቱን አልጠጣሁም፤ የሰኔ ጾም ነበር። ጉማሬም አላየሁም። ያየሁት ሁለት ወንድማማቾችንና ሦስት በሬዎችን ነው። ይሄ ምኑ ይነበባል የምትል ካለች ወረቀቱን ለጎረቤቷ ታቀብል።

ሰኞ

የክርስትና ልጄን ትርንጎን ታውቋታላችሁ፤ እዚሁ ደብረ ብርሃን ከጓሮዬ አጥር ማዶ ያደገችው ናት። የፎገራ ሰው አግብታ ወረታ ገባች። አሁን ወንድ ልጅ ወልዳ፣ እሑድ አርባ ቀኑ ስለሚሞላ፣ «አንቺ ሳትመጪ ልጄ ክርስትና አይነሳም» ብላ በስልክ አለቀሰችብኝ። እኔ ደግሞ የሰው ልቅሶ አልችልም። ዕድሜዬን ባናና ብርድ ልብስ ስነግድ የኖርኩ ሴት ነኝና፣ ለልጁ ከመንዝ ሱፍ የተሠራ ወፍራም ባና ጠቅልዬ ተነሳሁ። «ፎገራ እኮ ሙቀት ነው» ያለኝ ሰው አልጠፋም። ሰምቼ ነበር፤ ብርድ የሌለበት አገር አለ ብሎ ማመን ግን አቃተኝ። የዚያን ቀን አዲስ አበባ የእህቴ ልጅ ቤት አደርኩ።

ማክሰኞ

አውቶቡሱ ገና ሳይነጋ ተነሳ። ጣሪያው ላይ ቦታ ስላልነበረ ባናዬን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። እስከ ጎሃ ጽዮን ድረስ «ደግ አደረግሁ!» እያልኩ ነበር፤ ብርዱ የእኛው አገር ብርድ ነው። ዓባይ በረሃን ቁልቁል ስንወርድ ግን ያ ባና ጭኔ ላይ እንደ ምድጃ ጋለ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ የሐሙሲት ሰው ነው። ላቤን ሲያይ ሲያይ ቆየና፣

«እትየ፣ ይኸ ነገር ለማን ነው?» አለኝ።

«ለአራስ ልጅ ነው፤ ወረታ።»

«ምን አጠፋ ልጁ?»

አውቶቡሱ በሳቅ ሞላ። ተናደድኩ፤ ምን ይደረግ! ሰውዬው ግን ወዲያው የራሱን ውሃ ሰጠኝ፣ በመስኮቱ በኩል አስቀመጠኝ፣ ባናውንም እስከ ባሕር ዳር ድረስ እሱው ታቅፎት ሄደ። እኛ አገር የሚያሾፍ ሰው ሸክም አይቀበልም፤ ሸክም የሚቀበልም አያሾፍም። እነዚህ ሁለቱንም ባንድ ላይ ይችሉበታል።

ባሕር ዳር ያደርኩበት አልጋ ቤት ባለቤት እግሬ ማበጡን አይታ፣ ሳልጠይቃት ለብ ያለ ውሃ በጨው አድርጋ በሳፋ አመጣችልኝ። ጣናን ሳላየው እግሬን እንደዘፈዘፍኩ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ረቡዕ

ከባሕር ዳር ወረታ በሚኒባስ ሩቅ አይደለም። ሜዳው ሲጀምር ግን ዓይኔን አሸሁ። ተራራ የለም፣ ገደል የለም፤ ሜዳ ብቻ፣ ሜዳ! ዓይን የሚያርፍበት አጣ። ወረታ ደግሞ ከተማው ሁሉ የሩዝ መፈልፈያ ነው፤ ከየግቢው ሞተር ያጓራል፣ ገለባው እንደ እኛ አገር ውርጭ ጣሪያው ላይ ተነስንሷል። የትርንጎ ባልም ከነዚሁ መፈልፈያዎች ባንዱ ነው የሚሠራው። ትርንጎ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ካለቀሰች በኋላ ባናውን አየችና ሳቋ አፈናት። «እማዬ፣ ልጄን ልትቀቅይው ነው?» አለችኝ። ሁለተኛ ሰው መሆኗ ነው።

ክርስትናው የሚነሳው አማቿ አያ ደሴ ባሉበት በቁሐር ሚካኤል ስለሆነ ከሰዓት ወደዚያው ሄድን። ባጃጁ ጭቃው እስኪበዛ ወሰደንና ቀሪውን በእግር አለ። ያ ጥቁር ጭቃ! አንዱን ጫማዬን ዋጠው። የእኔን የምታህል ሴትዮ በአንድ እግሯ ቆማ በሰው አገር ስትጮህ አስቡት። አያ ደሴ ከርቀት አይተውኝ እየሳቁ መጡ፤ ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ከተው ጫማዬን አወጡልኝ። ረዥም፣ ቀጥ ያሉ፣ ጥርሰ ፍንጭት ሽማግሌ ናቸው፤ ገና ሳያቸው ወደድኳቸው።

ደጃቸው ስደርስ ጭቃውን የማራግፍበት ድንጋይ ፈለግሁ። ዞር ዞር ብል አንድም የለም።

«ምን ጠፋዎት?» አሉኝ።

«ድንጋይ።»

«ድንጋይ ፎገራ ውስጥ? እትየ አስካለ፣ እኛ አገር እኮ ድንጋይ ብርቅ ነው። ይችን ጉልቻ እንኳ ከሩቅ በአህያ አስጭኘ ነው ያመጣኋት።»

እኛ ድንጋይ ለቅመን ለቅመን ማሳችን የማይጠራልን ሰዎች ይህን ስንሰማ ምን እንበል! ሚስታቸው እትየ ዝና እግሬን አጥባኝ፣ ከሩዝ ዱቄት የተጋገረ ነጭ እንጀራ በሽሮ አቀረበች። «በሞቴ ብይ፣ አንች ምነው ጣትሽን ፈራሽው!» እያለች ታጎርሰኛለች። በላሁ፤ ግን ምላሴ መች ዝም ይላል? የእኛ አገር ገብስ አልኩ፤ የእኛ አገር ምንጭ አልኩ፤ የሩዝ ጠላ ሲቀርብልኝ ደግሞ የእኛ አገር የገብስ ጠላ አልኩ። ጥግ ላይ የተቀመጡት የቤቱ የነፍስ አባት አባ ሞላ ሲሰሙኝ ቆዩና፣

«እትየ አስካለ፣ ንዕማንን ያውቁታል?» አሉኝ።

«ለምጽ የነበረበት የሶርያው አለቃ አይደል አባ?»

«እሱ ነው። ነቢዩ ኤልሳዕ ዮርዳኖስ ሂድና ታጠብ ቢለው፣ የደማስቆ ወንዞች አባናና ፋርፋ አይሻሉምን ብሎ ተቆጣ። መዳኛው እግሩ ሥር እየፈሰሰ ያገሩን ውሃ ሲያወድስ ለምጹን ይዞ ሊመለስ ነበር። ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል ይላል ያገራችን ሰው። እስቲ ጠላውን ይቅመሱት።»

ቤቱ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ቀመስኩት። ደህና ነው። «እንደ ገብሱ ባይሆንም» ልል ስል ትርንጎ ጎኔን ቆነጠጠችኝ።

የቤቱን ጉድ የሰማሁት ማምሻውን ነው። ዝናቡ ጥሎ ጎረቤቱ ሁሉ ለሩዝ ሲያርስ የአያ ደሴ ማሳ ሣሩን ለብሶ ተኝቷል። ለምን ብዬ ትርንጎን ጠየቅኋት። አያ ደሴ ያላቸው አንድ በሬ ነው፤ ቦራ ይባላል። ታላቅ ወንድማቸው አያ ታከለ፣ ከመስኩ ማዶ የሚኖሩት፣ እሳቸውም ያላቸው አንድ በሬ ነው፤ ዳለቻ ይባላል። ግጦሹ ሁሉ ሩዝ ሆኖ ብዙ ከብት መያዝ ቀርቷልና። ስለዚህ ሁለቱን በሬዎች በአባታቸው ቀንበር አቀናጅተው በየተራ ነበር የሚያርሱት፤ መቀናጆ ይሉታል። ታዲያ ከካቻምና መኸር በኋላ ሰንበቴ ላይ፣ ጠላውም ገፋ አድርጎ ይሁን እንጃ፣ አያ ደሴ «የሚስበው የኔ ቦራ ነው፤ የአያ ታከለ በሬ ተደግፎት ነው የሚሄደው» አሉ። በሰው ፊት! ያራሽን በሬ መስደብ ሰውየውን መስደብ ነው። አያ ታከለ «እንግዲያው ቦራ ብቻውን ይረስ» ብለው ዳለቻን ነድተው ሄዱ። አምና በልመና በሬ ዘግይተው ዘሩ፤ ሁለቱም ቤት ምርቱ ቀጨጨ። ዘንድሮ በሬ የሚያውስ የለም፤ ውሃው ማሳው ላይ ተኝቶ ማረሻ የማያስገባ ከሆነ ደግሞ ዓመቱ አለቀ ማለት ነው። ሁለቱም ቤት ልጅ አለ፣ ሁለቱም ጎተራ ባዶ ነው።

እኔ ደግሞ በሰፈሬ ስንት ባልና ሚስት ያስታረቅሁ ነኝ ብዬ፣ በማግስቱ አስታርቄያቸው የቀረውን ቀን ጣራ ገዳምን ልሳለም በልቤ አሰብኩ። ለአያ ደሴም እዚያው ነገርኳቸው።

«ጥፋተኛ ድንጋይ ባንገቱ ተሸክሞ ነው ይቅርታ የሚለምነው፤ ያገሩ ወግ ነው» አሉኝ። «እኔ እንደሁ ልሸከም ብልስ፣ ፎገራ ውስጥ ድንጋይ ከየት ይመጣል?»

በቀልዳቸው ራሳቸው ሳቁ። እትየ ዝና አልሳቀችም።

ሐሙስ

ጠዋት አያ ደሴ አንበሳሜ ገበያ ሄደው ለቦራ ጓደኛ እንደሚገዙ አስታወቁ። ለዚህ ብለው ላሚቱን ቀድመው ሸጠዋል። እትየ ዝና ይህን ስትነግረኝ ወደ በረቱ አላየችም። እኔ ከብት አውቃለሁ ብዬ ተከተልኩ፤ የትርንጎ ባልም አብሮን ወጣ። ጣራ ገዳም ቀረ።

በመኪናው ላይ አያ ደሴ ስለ ከብት ሲያስተምሩኝ ሄዱ፤ ደስ ይላል ሲያወሩ። «ያገራችን ከብት ሰኮናው ሰፊ ነው፤ ረግረግ ውስጥ ተወልዶ ረግረግ ውስጥ ያድጋል። የደጋ በሬ ግን ጎበዝ ቢሆን ለደረቅ መሬት ነው፤ ጭቃችን ላይ ካመጡት ይተኛል። ሲተኛ ደግሞ ጓደኛውን ይዞ ነው» አሉኝ። ይህን በደንብ ያዙልኝ፤ በገዛ አፋቸው ነው ያሉት።

ገበያው ውስጥ ብዙ ዞርን። አንድ ሰፋ ያለ ሰኮና ያለው፣ መልኩ አመዳም የሆነ ያገሬው በሬ አግኝተው ሲዳስሱት ሳለ፣ አንድ የቁሐር ጎረቤት አለፈና፣ «አያ ደሴ፣ አያ ታከለ ቢኖር ኑሮ ይመርጥልህ ነበር፤ ዓይን ያለው እሱ ነው» አለ። ሰውዬው ክፉ አላሰበም። አያ ደሴ ግን እጃቸውን ከበሬው ላይ አነሱ። ፊታቸው ተለወጠ። ከዚያ በኋላ ዓይናቸው የሚያርፈው ጎረቤት አይቶ አፉን በሚይዝበት በሬ ላይ ብቻ ሆነ።

እንዲህ ያለው በሬም ተገኘ። ቀይ፣ ቀንዱ የተንሰራፋ፣ ሻኛው የተቆለለ፣ ከደጋ የመጣ በሬ! እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልቤ ቀጥ አለ፤ የአገሬን ሰው ያየሁ መሰለኝ።

«አባ፣ የደጋ ነው እኮ» አለ ልጃቸው ቀስ ብሎ።

«ዝም በል፤ አንተ የመፈልፈያ ሰው!»

እኔስ ዝም አልኩ? «የደጋ ከብት ጠንካራ ነው አያ ደሴ! የእኛ አገር በሬ ድንጋይ ይሰነጥቃል!» አልኩ እንጂ። ያቺ ንግግሬ እሳቱ ላይ ጋዝ ሆነች። በሬው ተገዛ፤ ኢሱዙ ላይ ተጫነ። ቁሐር ስንደርስ ሰው ተሰብስቦ አየውና ስም አወጣለት፤ «ሸዌ» አሉት፣ በእኔ መሆኑ ነው። አያ ደሴ በወንድማቸው ደጅ በኩል አዙረው አሳለፉት። ቀጥተኛው መንገድ እሱ አልነበረም።

ዓርብ

ዝናቡ ሌሊቱን ሲወርድ ነበር ያደረው። ጠዋት ሸዌንና ቦራን አቀናጇቸው። የሰፈሩ ሰው ሁሉ የራሱን ማሳ ትቶ ዳር ዳሩን ቆሟል፤ ሠርግ ይመስላል። ከመስኩ ማዶ፣ ማሳቸው ድንበር ላይ፣ አጠር ያሉ ሽማግሌ ማጭዳቸውን ይዘው ቁጢጥ ብለዋል። «አያ ታከለ ናቸው» አለችኝ ትርንጎ።

መጀመሪያ ደህና ሄዱ። አያ ደሴ ጅራፋቸውን ሲያስጮኹ የእኔም ደረት አብሮ ተነፋ። መሀል ማሳው ሲደርሱ ግን ሸዌ ቆመ። የፊት እግሩ ገባ። ሊያወጣው ሲታገል የኋላውም ገባ። ከዚያ፣ ምን ልበላችሁ፣ እንደ ደከመው ሰው ተነፈሰና ተኛ። ቀንበሩ ወደሱ ዘመመ፤ ቦራ አንገቱ ተጠምዝዞ አብሮ ወረደ። ባንገታቸው ሥር የታሰረው ማነቆ ሁለቱንም ያንቃቸው ጀመር። ቦራ ዓይኑ ነጭ ብቻ ሆነ።

«ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ!» አለ አንዱ ከዳር። ማንም አልሳቀም።

አያ ደሴ ሸዌን ጭራውን ጠምዝዘው፣ ገርፈው፣ ለምነው ሊያስነሱት ይታገላሉ። በዚህ መሀል ከማዶ አንድ ድምፅ መጣ፤ «ደሴ! ማነቆውን ፍታው! ይሞታሉ፣ ፍታው!»

አያ ደሴ ቀና አሉ። ድምፁ የማን እንደሆነ አወቁ። ማነቆውን አልፈቱም፤ ጭራሽ ቀንበሩን ይዘው ወደላይ ይስቡ ጀመር። ሁላችንም «ይፍቱት! ይፍቱት!» ብለን ጮኽን፤ እኔማ ድምፄ እስኪዘጋ ነው የጮኽኩት። የሰሙም አይመስሉ። እልህ ምላጭ ያስውጣል ሲባል ሰምቼ ነበር፤ ሲዋጥ ያየሁት ያን ቀን ነው።

አያ ታከለ ማጭዳቸውን ይዘው ገቡ። እስከ ጉልበታቸው እየሰመጡ ደረሱ። የቦራን ማነቆ ቆረጡ፣ የሸዌንም ቆረጡ። ቦራ ተንፈራግጦ ወጣ። ሸዌን ሰው ሁሉ ገብቶ በገመድ ጎትቶ አወጣው። አያ ታከለ ግንባራቸውን በጭቃ እጃቸው ጠርገው እንደመጡ ተመለሱ። አያ ደሴ ቀንበራቸውን ታቅፈው መሀል ማሳው ላይ ቀሩ።

ሸዌ ደጅ ላይ ቆሞ ይንቀጠቀጣል። ደጋ ተወልዶ ብርድ አይችል ኖሯል፤ ወይ አሳፋሪ! ሌላ የሚለብሰው ስላልነበረ ያን የአራስ ልጅ ባና አወጣሁና ጀርባው ላይ ጣልኩለት። በፎገራ ምድር ባና የፈለገ ፍጥረት እሱ ብቻ ነው።

አያ ደሴ ያን ቀን እህል አልቀመሱም። ኩራቱ ራቱ ይባል የለ? እትየ ዝና መሶቡን እንደከደነችው ወሰደችው።

ቅዳሜ

ሰንበት ስለሆነ ማንም አያርስም። ጣራ ገዳም ልሄድ ተነስቼ ዝናቡ መለሰኝ፤ ቤት ውስጥ ከአያ ደሴ ጋር ተፋጠን ዋልን። ልጃቸው «አባ፣ እንግዲህ እንሂድና አያ ታከለን...» ብሎ ሲጀምር፣

«አሁንማ ጭራሽ!» አሉ። «ከትናንት ወዲያ ብሄድ ሰው ነኝ። ዛሬ ብሄድ በሬው ቢወድቅበት መጣ ነው የሚሉኝ።»

እኔ ሆዬ ንዴቴ ገነፈለ። «ቢሉስ! አንገት አያስቆርጥ! ወንድምዎ በሬዎን አድነው ሲሄዱ እግዜር ይስጥልኝ እንኳ አላሏቸውም! ይህ ሕፃን ነገ ክርስትና ሲነሳ አንድ አያቱ በምዕራብ በር፣ ሌላው በምሥራቅ በር ሊቆሙ ነው?»

ወደ ጅራፋቸው አዩ። እንግዳ ባልሆን ኖሮ መልሱ ጅራፍ ይሆን ነበር መሰለኝ። ደግነቱ አባ ሞላ ለነገው ሊያዘጋጁን ጃንጥላቸውን ይዘው ገቡ። ሁኔታችንን አይተው ተቀመጡና ቀስ ብለው ጠየቁ።

«ደሴ፣ ወንድምህ ፍታው ሲልህ አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ አባ።»

«ምነው ታዲያ?»

የመደቡን አፈር በጣታቸው ጫር ጫር አደረጉ።

«የሱ ድምፅ ስለሆነ ነው» አሉ። «ሌላ ሰው ቢለኝ እፈታው ነበር። መፈታት እንዳለበትማ ልጅ ያውቀዋል። ግን ካያ አፍ ሲመጣ ማነቆውም ጠፋብኝ፣ በሬውም ጠፋብኝ። የታየኝ እሱ ሲስቅብኝ ብቻ ነው።»

«ስቋል?»

«አይዶለም አባ።» ድምፃቸው ተሰበረ። «ማነቆውን ሲቆርጥ አጠገቤ ነበር። ያለቅስ ነበር እኮ፤ ቦራን እያየ ያለቅስ ነበር። እኔ በሱ በሬ ላይ ያን ሁሉ ተናግሬ!»

እትየ ዝና ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። እኔም ያን ጊዜ «በሬውን ያስገዛኋችሁ እኔ ነኝ፤ ያገሬ ልጅ መስሎኝ» አልኩ።

«እርስዎማ እንግዳ ነዎት» አሉኝ አያ ደሴ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሳቸው ትንሽ ታየ። «የደጋ በሬ ጭቃችን ላይ ይተኛል ብሎ የነገረዎት ማን ሆነና?»

አባ ሞላ መስቀላቸውን ከጉያቸው አወጡ። «ጠላት ዓይንህን አላወጣውም ልጄ፤ ወደ ራስህ ብቻ አዞረብህ እንጂ። ጌታ ቀንበሬን ተሸከሙ ሲል እኔ የዋህ፣ በልቤም ትሑት ነኝና ከእኔ ተማሩ ነው ያለው። የከተማ ሰው ይህን ሲሰማ ሸክም ይመስለዋል። እኛ አራሾች ግን ቀንበር ምን እንደሆነ እናውቃለን።» ከዚያ በላይ አልሰበኩም። አሳልመውን በዝናቡ ሄዱ። አያ ደሴ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ቀንበር እያዩ ቀሩ።

እሑድ

ሲነጋጋ በእትየ ዝና ድምፅ ነቃሁ። «ኧረ የሰው ያለህ! ደሴ የለም! ቀንበሩም የለም!»

ግድግዳው ባዶ ነው። «በሰንበት ቀንበር ይዞ የት ሄደ? አበደብኝ እኮ! ሐፍረቱ አሳበደብኝ!» እያለች ነጠላዋን ሳታጣፋ ወጣች። ትርንጎ ልጇን ታቅፋ፣ ባሏ ባዶ እግሩን፣ እኔ አንድ ጫማ አድርጌ፣ ሁላችንም በጭቃው ተከተልን። በልቤ ያሰብኩትን ክፉ ነገር አልጽፈውም፤ ብቻ «ሚካኤል፣ አደራህን» እያልኩ ነበር የምሮጠው።

በማሳዎቹ መሀል ባለችው ቀጭን ድንበር ላይ አየናቸው። ያ ረዥም ሰውዬ አጎንብሰዋል። ቀንበሩን ባንገታቸው አጋድመው፣ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ባዶ እግራቸውን ወደ ወንድማቸው ደጅ ይሄዳሉ። ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ሰው ሁሉ በየመንገዱ ቆሞ ያያቸዋል። እሳቸው ማንንም አያዩም። እትየ ዝና ባለችበት ቆመች። እኛም ቆምን።

አያ ታከለ ነጭ ለብሰው ከደጃቸው ሲወጡ ነው ፊት ለፊት የተገናኙት። አያ ደሴ ጭቃው ላይ ተንበረከኩ።

«አያ» አሉ፣ «ድንጋይ አጣሁ።»



ወጉ የተበደለው ሰው ሸክሙን ካንገት አንስቶ፣ ይቅር ለእግዚአብሔር ብሎ ማቀፍ ነው። አያ ታከለ ቀንበሩን ያዙት። ያነሱታል ብለን ስንጠብቅ እዚያው አጠገባቸው ጭቃው ላይ፣ በነጭ ልብሳቸው፣ ተንበረከኩ። ቀንበሩን ወደራሳቸው ሳቡና በሌላኛው ጎን የራሳቸውን አንገት አስገቡ።

«ቀንበር ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ባንድ አንገት የሚሄደው?» አሉ። «ተነስ፤ ቅዳሴ ይረፍድብናል።»

እልልታውን ማን እንደጀመረው አላውቅም። እኔ አልነበርኩም። ሁለቱም ተደጋግፈው ተነሱ፤ አንዱ ረዥም አንዱ አጭር ስለሆኑ ቀንበሩ ዘምሞ፣ እንዲያው እንደዘመመ፣ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ይዘውት ሄዱ። አባ ሞላ ከበሩ ላይ አይተዋቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ቀንበሩ አጥሩ ላይ ተደግፎ ልጃችን ክርስትና ተነሳ። ውሃው ሲነካው ጮኸ፣ ጮኸ፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች ጎን ለጎን ቆመው እንደ ሕፃን ይስቃሉ። ግብዣው የጾም ነው፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ነጭ ሩዝ፣ ያ የሩዝ ጠላ። ደጋግሜ አስቀዳሁ። ስለ ገብስ አንዲት ቃል አልወጣኝም፤ አባ ሞላን ብትጠይቋቸው ይመሰክሩልኛል።

ሰኞ

ስመለስ በማሳው በኩል አለፍኩ። ቦራና ዳለቻ ተቀናጅተው ያርሳሉ፤ እርፉን የያዙት አያ ታከለ፣ ጅራፉን የያዙት አያ ደሴ ናቸው። መጀመሪያ የሚያርሱት የማን ማሳ እንደሆነ ብጠይቅ አያ ደሴ «የአያ» ሲሉ፣ አያ ታከለ ደግሞ «የደሴ» አሉኝ፤ እስካሁን አላወቅሁም። ሸዌ ደረቁ መሬት ላይ እንዲያርስ ተፈርዶለት ደጅ ታስሮ ያመሰኳል። ባናው ታጥቦ ተመልሶልኝ ነበር፤ በሬ በሬ ስለሚሸት ትርንጎ እየሳቀች ለመታሰቢያ አስቀመጠችው። ለእኔ አንድ ከረጢት ሩዝ አሸከሙኝ። «ለመስከረም ይምጡ፣ ከአያ ታከለ ቤት ወተት ይጠጣሉ፣ ጣራ ገዳምንም እንሳለማለን» አሉኝ። እትየ ዝና እስከ ባጃጁ ድረስ እጄን ይዛኝ መጣች፤ ሁለታችንም አለቀስን፤ በአምስት ቀን እንዲህ የሚዋደድ ሰው አይቼ አላውቅም።

እነሆ ቤቴ ገባሁ። ብርዱ እንዳለ ነው። ማታ ከአውቶቡስ ስወርድ ከመናኸሪያው እስከ ሰፈራችን ድረስ በእግሬ ስሄድ የማየው ድንጋይ ነው፤ አጥሩ ድንጋይ፣ መንገዱ ድንጋይ፣ ማሳው ድንጋይ። እነዚያ ሰዎች አንድ አጥተው ቀንበር ተሸከሙ። እኛ ይህን ሁሉ ድንጋይ ይዘን፣ እስቲ እናንተም ዙሪያችሁን እዩልኝ፣ ካንገት ላይ ያለ አንድ እንኳ አላየሁም።